የጋሼ ሰይድ ዝንብ

ምራቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። ባለፈው ሐምሌ ያመጣችው ግን እንደ ወትሮው ኬክ ወይም ሽቶ አልነበረም። ረጅም አንገት ያለው ነጭ አበባ ነው፤ በትንሽ ማሰሮ የተተከለ፣ ዙሪያውን በሚያብረቀርቅ ላስቲክ የተጠቀለለ። ያን ሁሉ መንገድ ጭኗ ላይ አቅፋው ቆቦ ደረሰች። ኦርኪድ ይባላል አለችኝ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠችውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ለእርስዎ የሚሆን ነው። ሽታ የለው፣ ቤት አያቆሽሽ። ዝንብ እንኳ አይጠጋውም።»

ንጽሕና እንደምወድ ስለምታውቅ ልታስደስተኝ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ። ሽሮው ፊቴ ቀርቦ አፌ ምራቅ ሞላ፤ የረሃብ ምራቅ ሳይሆን ሰው ሊያስመልሰው ሲል የሚመጣበት ዓይነት። «ጨጓራዎን ነው» ብላ ተልባ ልትበጠብጥልኝ ወደ ጓዳ ሮጠች። ጨጓራዬ ደህና ነው። ኦርኪድ የሚባል ነገር ሲነሳ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣ ሽታ አለ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራችን አፈርና ፍግ እያዋሃዱ ጥቁር ላስቲክ መሙላት፣ የኒምና የግራር ዘር መዝራት፣ ማረምና ውሃ ማጠጣት ነው። ሌሎቹ ሴቶች ፍግ በነካ እጃቸው ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠያፊ ነኝ። ያላሸተትኩትን ብርጭቆ ከአፌ አላስጠጋም፤ የሰው ነጠላ ትከሻዬ ላይ ካረፈ ሰውነቴን ይበላኛል። ሳሙና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሥራ የምትገባ የቀን ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ወንዝ ዳር ቤት ይሥራ» ትለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በመጠየፌ እኮራ ነበር። ድሃ ብሆንም ከሌላው ከፍ የምልበት አንድ ነገር ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

የጣቢያው ፎርማን ጋሼ ሰይድ ይባላሉ። ዞብል ተራራ ግርጌ ተወልደው ያደጉ፣ ቀጭን፣ የሽርጣቸው ጫፍ ከጭቃ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ከሰል አክሳይ ነበሩ፤ ይህንንም አይደብቁም። የቆረጧቸውን ወይራዎች እንደ ሰው ያስታውሷቸዋል። «በዚያ ገደል አፋፍ ላይ የነበረው» ይላሉ ስለ አንዱ።

አንድ ቀን ከዞብል ሲመለሱ አህያቸው ላይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የወይራ ግንድ ጭነው መጡ። ግንዱ ላይ እንደ ሽንኩርት የተድበለበሉ አረንጓዴ ነገሮች ተደርድረው፣ ከእያንዳንዱ ራስ ላይ ምላስ የመሰለ ወፍራም ቅጠል ወጥቷል። ከሰል አክሳዮች ዛፉን ጥለው ሊያነዱት ሲሉ ደርሰው፣ ለምነው ያንን ቁራጭ አስቀርተዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ተቀጽላ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። ተቀጽላ የተጣበቀበትን ዛፍ እየመጠጠ እንደሚያደርቅ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል።

«አንቺዋ፣ ይቺስ ተቀጽላ አይደለች። ተቀጽላ የገባችበትን ቤት ታፈርሳለች። ይቺ ግን እንግዳ ናት። ማደሪያ እንጂ ራት አትጠይቅ፤ ውሃዋንም ከሰማይ ነው የምትጠጣ።»

ኦርኪድ የሚለውን ስም የነገረን ከግብርና ቢሮ እየመጣ ሥራችንን የሚያየው ወጣት ባለሙያ ነው። ለጋሼ ሰይድ ግን «እንግዳይቱ» ነበረች። ዞብልን ዳር እስከ ዳር አስሰው ሌላ እንዳላገኙ ነገሩን። ግንዱን ጣቢያው መሃል ካለው ትልቅ ሾላ ጋር በገመድ አስረው፣ ፀሐይ በሚመጣበት በኩል ጆንያ ጋረዱበት። ውሃ የመርጨቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። «የጥሩዬ እጅ ንጹሕ ነው» አሉ። ጥሩወርቅ ነው ስሜ።

የራያ ሰው ውሃ ሲያገኝ ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ላይ መልቀቅ ነው የሚያውቀው፤ እኔም መጀመሪያ ቀን በባልዲ ላፈስባት ስል ጋሼ ሰይድ ባልዲውን ከእጄ ነጠቁኝ። «እንደ ጠበላችሁ ርጪያት እንጂ እንደ ጎርፋችን አትልቀቂባት!» እንደዚያ ነው የተማርኩት። ጠዋት ጠዋት የቅጠል እስር ውሃ ውስጥ ነክሬ ሦስት ጊዜ አርገፈግፍባት ነበር። የበጋው ነፋስ አቧራውን አምጥቶ ሲለጥፍባት ቅጠሎቿን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ወደድኳት ማለት ይቻላል። ሳትሸት፣ ሳትንጠባጠብ፣ ማንንም ሳታስቸግር ትኖራለች፤ እኔን መሰለችኝ።

ሐምሌ ላይ፣ ከዋጃ በኩል በለስ በባልዲ የያዙ ሴቶች መንገዱ ዳር መደርደር ሲጀምሩና ማሽላው ጉልበት ሲያልፍ፣ ከአንዷ ሽንኩርት ሥር የጣት ርዝመት ያለው ዘንግ ብቅ አለ። ምስር የሚያካክሉ እንቡጦች ደርድሯል። ጋሼ ሰይድ ባዩት ጊዜ ሾላው ሥር ቁጭ አሉ። የልባቸውን የነገሩኝ ያን ዕለት ነው።

«ከሰል ሳከስል፣ በአንድ የድርቅ ዓመት፣ እንዲህ ያለች እንግዳ ካለችበት ዛፍ ሥር በሬ ሞተ። ሸተተ፣ ተላ፤ ዝንቡ አገር አከለ። በዚያ ዓመት ነው ፍሬ ይዛ ያየኋት። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ ወዲህም አበባዋ እየረገፈ ባዶዋን ነው የቀረች። ወላሂ ጥሩዬ፣ የዚች አማጭዋ ዝንብ ነው። ንብ አይደለም።»

«ካፈራችስ ጋሼ?»

«ፍሬዋ ሲፈነዳ ዱቄት ነው። ወስጄ ዞብል ላይ በተከለለው ወይራ ሁሉ እበትነዋለሁ።» መዳፋቸውን አዩ። «በዚህ እጄ ስንቱን ዛፍ ከሰል አድርጌያለሁ። ቀብር ውስጥ ጠያቂዎቹ መላእክት ሲመጡ ምን እላለሁ? ይቺን አንዷን ዘር ካስያዝኳት፣ አንድ የምመልሰው ነገር አላጣም።»

ለባለሙያውም ይህንኑ ነገሩት። ሳቀ። ንጹሕ ጫማውን ከጭቃው እያነሳ፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ይሄ የችግኝ ጣቢያ ነው ወይስ የዝንብ እርባታ?» አለ። «ፍሬ ስትይዝ መጥተህ ታያለህ ልጄ» አሉት።

እኔ በልቤ አበባዋን ነጭ አድርጌ ጨርሼ ነበር። ሽታዋንም እንደ አደስ አድርጌ አስቤዋለሁ። እንዲያውም ከሚረግፉት አንዷን በነጠላዬ ቋጥሬ ለፍልሰታ ማርያም ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር። ያን ዓመት የፍልሰታን ጾም ይዤ መጨረሻው ላይ ለመቁረብ ንስሐ አባቴን አስፈቅጃለሁ። ጠዋት እሠራለሁ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ቅዳሴ እቆማለሁ፣ ማታ የተቆላ ሽምብራ በውሃ እበላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን ንጹሕ ሆኜ የማውቅ አይመስለኝም።

ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን ጠዋት ጣቢያው ሸተተኝ። አይጥ የሞተ መስሎኝ የዘር መጋዘኑን ጆንያ ሁሉ አገላበጥኩ። ምንም የለም። በመጨረሻ ሽታው እየመራኝ ሾላው ሥር ደረስኩ። ተከፍታለች። ቀለሟ የጉበት ነው፤ ያደረ ጉበት። እያንዳንዷ አበባ ጠርዟ ላይ ፀጉር አላት፤ ከመሃሏ ምላስ የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ምራቄን ተፋሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ስምንት ወር ሙሉ ጠበል የረጨሻት ለዚህ ነው?» አለች አንዷ። ተታለልኩ። የገዛ እንግዳዬ ቤቴ ውስጥ ያስመለሰች ያህል ተናደድኩባት።

ጋሼ ሰይድ ግን ፊታቸው በራ። በማግስቱ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የበግ አንጀት በፌስታል ይዘው መጡና ከአበባው አንድ ክንድ ርቆ በሽቦ ሰቀሉት። በአበባይቱ ሽታ ብቻ የሚመጣላት ዝንብ ጥቂት ነው፤ እንደ ሞተው በሬ ብዙ እንዲሰበሰብ እርዳታ ያስፈልጋታል አሉ። ይህን ሲያደርጉ አየኋቸው። አፋቸውን በጥምጣማቸው ሸፍነው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ እየዘገነናቸው ነበር። ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ደጋግመው ታጥበው፣ ሽርጥ ቀይረው ነው ለሶላት የቆሙት። መጠየፍ አጥተው አይደለም ማለቴ ነው። ይህ ያኔ ቢገባኝ ጥሩ ነበር።

አንጀቱ በተሰቀለ በሁለተኛው ቀን ከዞብል መልእክተኛ መጣ፤ እህታቸው ሞታለች። በትራቸውን አንስተው ሲነሱ ወደ እኔ መጡ።

«የምትከፈተው ቢበዛ አምስት ስድስት ቀን ነው። ከለቅሶ እስክመለስ ትዘጋለች። ሥጋው ሲደርቅ ቀይሪው፤ ሥጋ ቤቱን አነጋግሬዋለሁ። ዝንቡን አታባሪ። ሌላ ምንም የለው።»

«ጋሼ፣ ጾም ላይ ነኝ እኮ።»

«ስቀዪው አልኩሽ እንጂ ብዪው አላልኩሽ።»

«የእስላም ሥጋ ነው፣ ደግሞም በክት ሆኗል…»

«ለዝንብ እስላም ክርስቲያን የለውም ጥሩዬ። አደራ።» እህታቸውን ሊቀብሩ እየሄዱ ነው፤ እንቢ ማለት አልቻልኩም። «እሺ» አልኩ።

ሁለት ቀን አደራዬን ጠበቅኩ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ጠበቅኩ። በእንጨት ጫፍ እያነሳሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ሰቀልኩ። ካሮጌው ላይ ነጫጭ ትሎች እየተንጠባጠቡ ሸበጤ ላይ አረፉ፤ አንዱ በእግሬ ጣቶች መካከል ገባ። አሁንም ስጽፈው እግሬን እሰበስባለሁ። እጄን በአመድ አሸሁ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁ። ሽታው ቆዳዬ ውስጥ እንጂ ላዩ ላይ አልነበረም። ሽምብራዬን ወደ አፌ ሳስጠጋ አንጀቱ ይሸተኛል። ባለሙያው በመንገድ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ፣ «እርባታው እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ።

በሁለተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ አጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ቀጥሎ ሁለት እርምጃ ራቀች። ከኋላዬ የነበሩትም ሸሹ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለብቻዬ ክፍት ቦታ ላይ ቆምኩ። አንዲት እማሆይ በትራቸውን ተደግፈው መጡና በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ቤትሽ የሞተ ነገር አለ?» አሉኝ። በርኅራኄ ነው የጠየቁኝ። ርኅራኄያቸው ነው የገደለኝ። ያ ሁሉ ንጽሕናዬ፣ ያ ሁሉ ኩራቴ፣ በሰው ፊት በክት ሆነ። ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ።

ጣቢያው ስደርስ ማንም አልነበረም። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ከፍጉ ላይ እንፋሎት ይነሳል። እንግዳይቱ አጠገብ ቆምኩ። ልሰድባት ነው የቆምኩት። ያኔ አንድ አረንጓዴ ዝንብ ከአንጀቱ ተነስቶ አበባዋ ላይ አረፈ። እግሮቹን አሻሸ። ወደ ምላሷ ሄደ፤ ምላሷ በክብደቱ ተገለበጠችና ዝንቡን ወደ ውስጥ ጣለችው። ተንፈራገጠ። ወደ ኋላ እየተጎተተ ሲወጣ ጀርባው ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ቢጫ ነገሮች ተለጥፈውበታል። አበባዋ ያሸከመችው ነው። ጥቂት ዞሮ ወደ ቀጣይዋ አበባ ሄደ።

የተማርኩ ባልሆንም ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ጋሼ ሰይድ ያሉት ነገር ነው፤ አንድ ሳይጎድል፣ እሳቸው ያሉት ነገር። ይህን እያወቅኩ እርጥቡን ጨርቅ አንስቼ ዝንቡን ከነሸክሙ አበባዋ ላይ ጨፈለቅኩት።

ከዚያ በኋላ እጄ አልቆመም። አንጀቱን ከነሽቦው አውርጄ ከአጥሩ ውጭ ቀበርኩ። የልብስ ሳሙና በባልዲ በጠበጥኩና ያንን ዘንግ፣ አበባ በአበባ፣ እንደ ሕፃን አፍንጫ እያሸሁ አጠብኩት። የጉበት ቀለሟ በጣቶቼ መካከል ሟሸሸ። ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ፤ ያን ማታ ሽምብራዬ ሽምብራ ሸተተኝ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ቆረብኩ። ዝንቡንም፣ አደራውንም ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ኃጢአት አልመሰለኝም፤ ጽዳት ነው የመሰለኝ።

ጋሼ ሰይድ በሰባተኛው ቀን ተመለሱ። በትራቸውን ሳያስቀምጡ ሾላው ሥር ሄዱ። ዘንጉ እንደ ክር ደርቋል። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ቀና ብለው እጆቼን አዩ።

«ዝንብ አልመጣም?» አሉኝ።

«አልመጣም።»

«አንድም?»

አሁን ሳስበው ያ ሁለተኛ ጥያቄ ለእኔ የተሰጠ ዕድል ነበር። ሳሙናውን ሸትተውታል፤ መቼም አፍንጫ አላቸው። ሥጋውን ለምን ጣልሽ አላሉኝም፣ ለምን አጠብሻት አላሉኝም። ሊያውቁ የፈለጉት ያቺን አንዷን ነገር ብቻ ነው። እሷን ደግሞ ያየ ሰው በዓለም ላይ አንድ እኔ ነበርኩ።

«አንድም» አልኩ።

«እንግዲያ ተሳስቻለሁ» አሉና ቁጭ አሉ። በዚያ ሳምንት ውስጥ እህታቸውን የቀበሩ ሰው መሆናቸው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው፤ ግን ቃሌን አልቀየርኩም።

ባለሙያው ፍሬውን ሊያይ መጣ። «ተሳስቻለሁ» አሉት ለእሱም፣ ያችኑ ቃል። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ዝንብ አርቢው ሆነ። አንድ ቀን ጎብዬ ገበያ ላይ «ዝንብ አርቢው መጡ!» ብሎ አንድ ሰው ሲጮህ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። አዩኝ። ሳቄን ለማቆም እንኳ አልፈጠንኩም። በሕይወቴ ከተጠየፍኳቸው ነገሮች ሁሉ፣ ከዚያ አንጀትም ከዚያ ትልም ይልቅ፣ ይህ ሳቅ ነው የሚያቅለሸልሸኝ።

ውሃ የመርጨቱን ሥራ ከእኔ ወስደው ለራሳቸው አደረጉት። እንግዳይቱ ዳግመኛ አላበበችም። በተከታዩ በጋ ግንዱን ምስጥ ገባበትና ሽንኩርቶቿ እየተጨማደዱ አንድ በአንድ ወደቁ። ጋሼ ሰይድ ሥራቸውን ትተው ዋጃ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ወደ አላማጣ ስመላለስ ሚኒባሱ ዋጃ ላይ በቆመ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞር ነበር። ወርጄ «መጥቶ ነበር» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድም ቀን አልወረድኩም። አንድ ዓመት፣ በዚሁ በበለስ ወቅት፣ ማረፋቸውን ከገበያ ሰማሁ።

ምራቴ ተልባውን ይዛ ስትመለስ አንድ ዝንብ በመስኮት ገባ። ሽሮው ላይ ዞረ፣ የተልባው ጣሳ ላይ ዞረ፤ ነጩን አበባ እንደ ግድግዳ አልፎት ሄደ። ምራቴ ፎጣ አንስታ ልትመታው ስትል እጇን ያዝኩ። ደነገጠች። ለዝንብ የምራራ ሰው መሆኔን አታውቅም፤ አይደለሁምም።

አበባው እስካሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አለ። አይሸትም፣ አይረግፍም። እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ እጄን አሸታለሁ። ጋሼ ሰይድ ቀብር ውስጥ ሲጠየቁ ምን ብለው እንደመለሱ አላውቅም፤ መልሳቸውን የሰረቅሁባቸው እኔ ነኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ጾሜና ስለ ንጽሕናዬ እንደማልጠየቅ ግን አውቃለሁ። የምጠየቀውን አውቄ መልሱን አዘጋጅቻለሁ። ዝንቡ መጥቶ ነበር።